አንድ መብራት አሥር መብራት ይሆናል? ስለ ተንቀሳቃሹ የመድረክ ፕሮፋይል መብራት

ለመስቀል አገር ቤት የገባሁበት ሰሞን ነው፡፡ እንሴኖን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከቡታጅራ ብዙም ያልራቀች የጉራጌ ከተማ ናት፡፡ መስቀልም ሆነ አረፋ ሲደርስ ከአዲስ አበባ የሚገባው ሰው ከተማዋን ያጨናንቃታል፡፡ በዚያ ዓመት ለትምህርት ቤት መጻሕፍት መግዣ ገንዘብ ይሰብሰብ ተብሎ ሜዳ ላይ መድረክ ተሠራ፡፡ ከድምፅ ማጉያው ጋር ሁለት ጭንቅላታቸው የሚዞር መብራቶች በኪራይ መጡ፡፡ እኔን «አንተ የቴአትር ተማሪ አይደለህ? መብራቱን አንተ ያዝ» አሉኝ፡፡ ያዝኩ፡፡

ዘፈኑ እስከሚያልቅ ድረስ ችግር አልነበረም፡፡ መብራቶቹ ሰማዩን፣ የባሕር ዛፉን ጫፍና የሕዝቡን አናት እየገረፉ ሲዞሩ ልጆቹ ይጮኻሉ፤ እኔም የሆነ ነገር የሠራሁ መሰለኝ፡፡ ኋላ ግን አንድ የተከበሩ አባት ንግግር ሊያደርጉ ወጡ፡፡ መብራቱ አሁንም ይዞራል፡፡ እሳቸው ጨለማ ውስጥ ቆመዋል፤ አልፎ አልፎ አንድ ብርሃን ፊታቸውን በጥፊ መትቶ ያልፋል፡፡ አንድ ሁለት ጊዜ ዓይናቸውን ከለሉና በማይክሮፎኑ «ይኼ መብራት ማንን ነው የሚፈልገው? እኔ እዚህ ነኝ» አሉ፡፡ ሕዝቡ ሳቀ፡፡ እኔ ግን ከሣጥኑ ጎን ቆሜ መብራቱን እንዴት አድርጌ ባለበት እንደማቆመው አላውቅም ነበር፡፡ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ!

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ስከታተለው ቆይቻለሁ፡፡ በዚህ ጽሑፍ ተንቀሳቃሽ ፕሮፋይል የሚባለው መብራት ምን እንደሆነ፣ ብርሃንን እንዴት እንደሚቆርጥና ምስልን እንዴት መድረክ ላይ እንደሚጥል፣ እንዲሁም ለእኛ ዓይነት አዳራሽ ምን ያህል እንደሚጠቅም የገባኝን ያህል ለማስረዳት እሞክራለሁ፡፡

በመጀመሪያ ግን አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል፡፡ እኛ የሚዞረውን ሁሉ «ሙቪንግ ሄድ» እንለዋለን፡፡ መዞሩ ግን የመብራቱን ሥራ አይነግረንም፡፡ ዋሽ የሚባለው ጠርዙ የማይታወቅ ለስላሳ ብርሃን በሰፊው ያፈስሳል፡፡ ቢም የሚባለው እንደ ጦር ቀጥ ያለ ጠባብ ጨረር ይሠራል፤ የተፈጠረው ጭስ ውስጥ በአየር ላይ እንዲታይ እንጂ የሰው ፊት እንዲያበራ አይደለም፡፡ እንሴኖ የመጡት እነዚህ ነበሩ፡፡ ሦስተኛው ስፖት ነው፡፡ ጠርዙ የጠራ ብርሃንና ምስል ይጥላል፡፡ ስፖቱ በውስጡ ብርሃኑን በአራት ማዕዘን፣ በሦስት ማዕዘን ወይም እንደተፈለገው የሚከረክሙ ምላጮች ሲኖሩት ነው ፕሮፋይል የምንለው፡፡ ለቴአትር ሰው ዋናው ይህ ነው፡፡

በቆርቆሮ ቀዳዳ የሚገባ ፀሐይ

የፕሮፋይልን ሥራ የተረዳሁት በልጅነቴ በማውቀው ነገር ነው፡፡ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚስማር ቀዳዳ ካለ፣ ከሰዓት በፊት ወለሉ ላይ ትንሽ ክብ ብርሃን ታርፋለች፡፡ ጣሪያው ሦስት ሜትር ቢርቅ ክቧ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ይኖራታል፡፡ የሚገርመው፣ ቀዳዳው የተቀደደ ሦስት ማዕዘን ቢሆንም ወለሉ ላይ የምታርፈው ክብ ናት፡፡ ለምን ቢባል፣ ያ ክብ የቀዳዳው ምስል አይደለም፤ የፀሐይዋ ምስል ነው፡፡ እንደ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ያለ የፀሐይ ግርዶሽ ሲሆን ወለሉ ላይ ያሉት ክቦች ሁሉ ማጭድ የሚመስሉት ለዚህ ነው፡፡

እንግዲህ የመድረክ መብራት ሠሪው የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፡፡ የአምፖሉ ምስል ወለሉ ላይ እንዲወድቅ አይፈልግም፤ የቀዳዳው ቅርጽ ነው እንዲወድቅለት የሚፈልገው፡፡ ለዚህ ሌንስ ያስፈልጋል፡፡ ፕሮፋይል መብራት ውስጥ ከአምፖሉ ኋላ ያለው መስታወት ብርሃኑን ሰብስቦ በአንዲት ጠባብ በር ያሳልፈዋል፡፡ ሌንሱ የሚያነጣጥረው ወደ አምፖሉ ሳይሆን ወደዚያች በር ነው፡፡ በሯ ላይ ምንም ነገር ብታስቀምጥ፣ ብረትም ይሁን ቅጠል የተቀረጸበት ሳህን፣ ሌንሱ ያንኑ አተልቆና ገልብጦ መድረኩ ላይ ያትመዋል፡፡ ስለሚገለብጠውም በእጅ የሚሠራው ፕሮፋይል ላይ የላይኛውን ምላጭ ስትገፋ ከታች ያለው ብርሃን ይቆረጣል፡፡ መሰላል ላይ ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ተማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ከታች ያለውም አዘጋጅ ይጮኻል፡፡

ይህ አሠራር አዲስ አይደለም፡፡ አሜሪካውያኑ ሌቪና ኩክ እ.ኤ.አ. በ1933 «ሌኮ» የተባለውን ፕሮፋይል አወጡ፤ ስሙም ከሁለቱ ስም የተቆራረሰ ነው፡፡ በ1992 (እ.ኤ.አ.) «ሶርስ ፎር» የሚባለው መጣና በ575 ዋት አምፖል የቀድሞዎቹ በ1,000 ዋት የሚሰጡትን ያህል ብርሃን ሰጠ፡፡ መስታወቱ ብርሃኑን ወደ ፊት መልሶ ሙቀቱን ግን ወደ ኋላ ያሳልፋል፤ ስለዚህ በሩ ላይ ያለው ምላጭም ቀለም ወረቀቱም ቶሎ አይቃጠልም፡፡

መብራቱ ራሱ በትእዛዝ መንቀሳቀስ የጀመረው ደግሞ በሙዚቃው ዓለም ነው፡፡ የአሜሪካው ሾውኮ ኩባንያ ባለሙያዎች በመጀመሪያ የፈለጉት ቀለም የሚቀያይር መብራት ነበር፡፡ ቀለሙን በሞተር መቀያየር ከተቻለ፣ ሁለት ሞተር ጨምሮ መብራቱን ራሱን ማዞር ይቻላል አሉ፡፡ ቫሪ ላይት ተባለ፤ መስከረም 15 ቀን 1974 ዓ.ም. ጀነሲስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ባርሴሎና ሲዘፍን ለሕዝብ ታየ፡፡ ለማነጻጸር ያህል፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ስም በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት ቫሪ ላይት ሊመጣ 26 ዓመት ይቀረው ነበር፡፡ አገር ፍቅር ደግሞ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፡፡ የኛ የመድረክ ልማድ የተገነባው መሰላል ተሸክሞ፣ በእጅ አነጣጥሮ፣ ጓንት አድርጎ በሚሠራ ሰው ላይ ነው፡፡ በሌላ በኩል፣ በ2000 ዓ.ም. መባቻ ሚሊኒየም አዳራሽ ተሠርቶ እነ ብላክ አይድ ፒስና ቢዮንሴ የዘፈኑባት አዲስ አበባ ዛሬ የሚዞረውን መብራት ከኮንሰርት፣ ከሠርግም ሳይቀር ለምዳዋለች፡፡ የለመድነው ግን ዙረቱን ነው፤ ቆራጩን ገና ነን፡፡

የኦቴሎ አልጋ

ምላጮቹ ምን እንደሚሠሩ በምሳሌ ላሳይ፡፡ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ኦቴሎ አስቡ፡፡ በመጨረሻው ገቢር ኦቴሎ መብራት ይዞ ወደ ዴዝዴሞና መኝታ ይገባል፡፡ አዘጋጁ አልጋው ብቻ እንዲታይ ይፈልጋል እንበል፤ ወለሉም፣ ግድግዳውም፣ ኋላ ያለው መጋረጃም ይጨልም፡፡ አልጋው 2 ሜትር በ1.5 ሜትር ነው፡፡ መብራቱ 8 ሜትር ይርቃል፤ ጨረሩ 26 ዲግሪ ይከፈታል፡፡ ለቀላልነት ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ይወድቃል ብንል፣ አልጋው ዘንድ ሲደርስ 3.7 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሆናል፡፡ የክቡ ስፋት ወደ 10.7 ካሬ ሜትር፣ የአልጋው 3 ካሬ ሜትር፡፡ በምላጭ አልጋውን ብቻ ብናስቀር ከብርሃናችን 70 ከመቶ በላይ የሚሆነው ምላጩ ላይ ቀርቶ ሙቀት ሆነ ማለት ነው፡፡

ተንቀሳቃሹ ፕሮፋይል ግን አብዛኛውን ጊዜ ዙም አለው፡፡ በመጀመሪያ ጨረሩን ወደ 18 ዲግሪ ማጥበብ ይቻላል፤ ክቡ 2.5 ሜትር ይሆንና አልጋውን ከጥግ እስከ ጥግ ልክ ይይዛል፡፡ ያው ብርሃን በትንሽ ቦታ ስለተሰበሰበ በግምት እጥፍ ይደምቃል፡፡ ከዚያ በኋላ ነው ምላጩ የሚገባው፡፡ ቅደም ተከተሉን ብዙ ሰው ይገለብጠዋል፤ ክቡን ሰፊ እንደሆነ ትቶ በምላጭ ይከረክምና «ይኼ መብራት ደካማ ነው» ይላል፡፡

በእውነተኛው መድረክ ላይ ደግሞ መብራቱ ቀጥ ብሎ አይወድቅም፤ ከላይና ከጎን ሰያፍ ሆኖ ነው የሚመጣው፡፡ ስለዚህ ክቡ ሞላላ ይሆናል፣ አራት ማዕዘኑም አንድ ጎኑ ይሰፋል፡፡ አልጋው ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን መስሎ እንዲታይ ምላጮቹ ጠማማ ሆነው መግባት አለባቸው፡፡ ለዚህ ነው በተንቀሳቃሹ ውስጥ እያንዳንዱ ምላጭ ሁለት ሞተር የሚኖረው፡፡ አንደኛው አንዱን ጫፍ ሌላኛው ሌላውን ጫፍ ይገፋል፤ ሁለቱ እኩል ከገፉ ምላጩ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ካበላለጡ ይጋደማል፡፡ አራት ምላጭ፣ ስምንት ሞተር፡፡ በዚያ ላይ አራቱም የተቀመጡበት ክፍል ራሱ በአንድነት ግራና ቀኝ ይዞራል፡፡ ይህ ሁሉ ከትልቅ ሰሐን በማይበልጥ ቦታ ውስጥ ነው፤ ዋጋው ለምን እንደሚወደድ ከዚህ ይገባል፡፡

አንድ ሰው ሲነግረኝ ያላመንኩትና በኋላ በዓይኔ ያየሁት ነገር አለ፡፡ አራቱ ምላጮች በአንድ ልክ ላይ ሊቀመጡ አይችሉም፣ ይጋጫሉ፡፡ ስለዚህ አንዱ ከሌላው ትንሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ተደርጎ ነው የሚሠራው፡፡ ሌንሱ ግን ልክ አጥርቶ የሚያሳየው አንዱን ርቀት ብቻ ነው፡፡ ውጤቱ፣ የአልጋው ራስጌ ምላጭ ስል ሆኖ ሲታይ ግርጌው ትንሽ ይደበዝዛል፡፡ ይህ የመብራቱ ብልሽት አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው፡፡ ጥሩ የመብራት ሰው ስሉን ጠርዝ ተመልካች ወደሚያየው መስመር ያደርገዋል፤ ደብዛዛውን ዕቃ ወይም ጨርቅ ላይ ይጥለዋል፡፡ ወይም ለስላሳ ማጣሪያ ጣል አድርጎ አራቱንም እኩል ያለሰልሳቸዋል፡፡ እኔ በበኩሌ ይህን የመጨረሻውን እመርጣለሁ፡፡ በጣም ስል የሆነ አራት ማዕዘን ብርሃን ፊት ላይ ሲቆም ተዋናዩን ፖስታ ላይ የተለጠፈ ቴምብር ያስመስለዋል፡፡

መ እና ቀ

ወደ ምስሉ እንምጣ፡፡ በሩ ላይ የሚገባው ቅርጽ የተቆረጠበት ሳህን ጎቦ ይባላል፡፡ ከቀጭን ብረት ወይም ከመስታወት ይሠራል፡፡ ተንቀሳቃሹ ውስጥ ጎቦዎቹ ጎማ በሚመስል ክብ ላይ ይደረደራሉ፤ ጎማው ሲዞር አንዱ ወጥቶ ሌላው ይገባል፡፡ አንዳንዱ ጎማ ላይ ያሉት ጎቦዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ባሉበት መሽከርከር ይችላሉ፡፡

መብራት ኪራይ ቤት ስትሄዱ የምታገኙት ከፋብሪካው ጋር የመጣውን ነው፤ ኮከብ፣ ነጠብጣብ፣ ጠመዝማዛ፡፡ ለቴአትር ግን የራስን ማስቆረጥ ይቻላል፡፡ እዚህ ላይ በሌላ አገር መጽሐፍ የማይገኝ የኛ ችግር አለ፡፡ «መስቀል» የሚለውን ቃል በብረት ጎቦ ላይ ላስቆርጥ ብላችሁ አስቡ፡፡ ፊደሉ የሚበራው ብረቱ ሲቀደድ ነው፡፡ መ ሁለት ዓይን አለው፤ ቀም ዓይን አለው፡፡ የፊደሉን መስመር ዙሪያውን ከቆረጣችሁት በመሃል ያለው የዓይኑ ብረት የሚይዘው ነገር ስለሌለ ወልቆ ይወድቃል፡፡ መ ዓይኑን ያጣና ሁለት የበራ ድቡልቡል ነገር ይሆናል፡፡ ስለዚህ በመሃል ቀጭን ድልድይ መተው ግድ ነው፤ ጆንያ ላይ በቆርቆሮ ማተሚያ ስም የሚጽፉ ነጋዴዎች የሚተዉት ዓይነት፡፡ ዐና ወም እንዲሁ ናቸው፡፡ ፊደላችን ዓይን ይበዛዋል! የመስታወት ጎቦ ይህ ችግር የለበትም፤ ጥቁሩ መስታወቱ ላይ ስለተለበጠ መሃል ያለው አይወድቅም፡፡ ግን ዋጋው ከፍ ይላል፡፡

ከጽሑፍ ይልቅ ግን ጎቦ የሚያምረው ስሙን ሳይናገር ሲቀር ነው ባይ ነኝ፡፡ የጉራጌን ሣር ቤት ገብቶ ቀና ብሎ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከመሃል ምሰሶው የሚነሡት ማገሮች እንደ ፀሐይ ጨረር ተበትነው ጣሪያውን ይይዛሉ፡፡ ያንን ቅርጽ ጎቦ አድርጎ ከላይ ወለሉ ላይ ቢጥሉት ቤት ሳይሠሩ ቤት ይሆናል፡፡ የእንሰት ጓሮ ለማሳየትም የእንሰት ቅጠል ሥዕል አያስፈልግም፡፡ ማንኛውንም የቅጠል ጎቦ አስገብቶ ፎከሱን ከጠራበት ትንሽ ማበላሸት ነው፡፡ ፊትና ትከሻ ላይ የተቆራረጠ ጥላ ሲወድቅ ተመልካቹ ራሱ ጓሮውን ይጨምርበታል፡፡ ሁለት ቅጠል በሁለት ጎማ ላይ ደርቦ አንዱን በጣም በዝግታ ማዞር ደግሞ ነፋስ ያመጣል፡፡ በጣም በዝግታ ያልኩት በምክንያት ነው፡፡ የሰው ዓይን የሚንቀሳቀሰውን ይከተላል፤ ጎቦው ከተዋናዩ ከፈጠነ ተመልካቹ ወለሉን ነው የሚያየው፡፡

ሌሎቹን ባጭሩ፡፡ ፕሪዝም አንዱን ምስል ያበዛል፤ አይሪስ ክቡን እንደ ዓይን ብሌን ያጠባል፤ ከፊል ብርሃን እየከለለ የሚዞር ሳህንም አለ፣ ውኃና እሳት ለማስመሰል፡፡ ጎቦና ምላጭም በተለያየ ርቀት ላይ ስለሆኑ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማሳየት አይቻልም፡፡ መስኮት ጎቦ አስገብታችሁ ዙሪያውን በምላጭ ብትቆርጡ፣ መስኮቱ ሲጠራ ጠርዙ ይደበዝዛል፡፡ መምረጥ ነው፡፡

ቀለሙ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፡፡ የአሁኖቹ መብራቶች ነጭ ኤልኢዲ ናቸው፤ ነጭነቱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀዝቃዛ ነው፡፡ የድሮው ሃሎጅን 3,200 ኬልቪን ገደማ ሲሆን የእነዚህ 6,000 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል፡፡ ይህ ብርሃን ጠይም ፊት ላይ በቀጥታ ሲያርፍ ቆዳውን አመድማ ያደርገዋል፡፡ መብራቱ ውስጥ ብርሃኑን የሚያሞቅ ማጣሪያ አለ፣ እሱን ማስገባት ነው፡፡ ሁለተኛው ነጥብ፣ አምራቾች ለድምቀት ሲሉ ቀለምን አሳምሮ የማሳየት አቅሙን ዝቅ ያደረጉበት ሞዴል አለ፤ ለቴአትር ደግሞ ድምቀቱን ቀንሰው ቀለሙን ያስተካከሉበት፡፡ በወረቀት ላይ የመጀመሪያው ጎበዝ ይመስላል፡፡ ተዋናዩ ፊት ላይ ግን ሁለተኛው ይሻላል፡፡

ከ0 እስከ 255

መብራቱን የሚያዘው ቋንቋ ዲኤምኤክስ 512 ይባላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሲሆን ዛሬም ይሠራል፡፡ በአንድ ገመድ 512 ቻናል ይልካል፤ በእያንዳንዱ ቻናል የሚሄደው ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ብቻ ነው፡፡ 0 ጠፍቷል፣ 255 ሙሉ ነው፣ 128 ግማሽ፡፡ ለድምቀት ይህ ይበቃል፡፡ ለማነጣጠር ግን አይበቃም፡፡ ብዙዎቹ መብራቶች በአግድም 540 ዲግሪ ይዞራሉ፤ ይህንን በ255 ስናካፍለው አንዷ እርምጃ 2.1 ዲግሪ ናት፡፡ 10 ሜትር ላይ 37 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው፡፡ ብርሃኑ ከአንዱ ተዋናይ ዘሎ ሌላው ትከሻ ላይ ያርፋል እንጂ መሃል መቆም አይችልም፡፡ ስለዚህ ለመዞሪያው ሁለት ቻናል ይሰጡታል፡፡ ሁለተኛው ቻናል የመጀመሪያውን አንድ እርምጃ እንደገና በ256 ይከፋፍለዋል፤ አጠቃላይ 65,536 ደረጃ ይሆናል፡፡ ያው 37 ሳንቲ ሜትር ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያ በታች ያለው የሞተሩና የጥርሱ ጉዳይ ነው፡፡

እኔ እንሴኖ ላይ ያላወቅሁት ይህንን ነበር፡፡ የተሰጠኝ ሣጥን ላይ አንድ ፕሮግራም በራሱ ይዞራል፤ እሱን አጥፍቶ የመዞሪያውን ቻናሎች በእጅ መያዝ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፡፡

ምላጭ ያለው ፕሮፋይል 50 ቻናል ቢፈልግ በአንድ መስመር ላይ አሥር ብቻ ነው የሚገባው፡፡ ገመዱም የራሱ ዓይነት አለው፡፡ መሰኪያው አንዳንዴ ስለሚመሳሰል የማይክሮፎን ገመድ የሚጠቀም አለ፤ ለአጭር ርቀት ይሠራል፣ ሲረዝም ግን መብራቱ ማንም ሳያዘው ጭንቅላቱን ማንቀጥቀጥ ይጀምራል፡፡ «ጋኔን ገባበት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ገመዱ ነው፡፡

መብራት ሲሄድ

የእኛ አገር ተማሪ ከፋብሪካ መጽሐፍ የማያገኘው ምዕራፍ ይህ ነው፡፡ በቴአትር መሃል መብራት ሄደ፡፡ ጄኔሬተር ተነሣ፡፡ ከዚያስ?

ተራው ሃሎጅን ፕሮፋይል ኃይል እንዳገኘ ወዲያው ይበራል፡፡ ዲስቻርጅ አምፖል ያለው ተንቀሳቃሽ ግን አይበራም፡፡ ይህ አምፖል ብርሃኑን የሚያወጣው በጋዝ ውስጥ በሚያልፍ ብልጭታ ስለሆነ፣ ትኩስ እያለ ከጠፋ እስኪበርድ ድረስ ደቂቃዎች መጠበቅ አለበት፡፡ በግድ ደጋግሞ ማስነሣት አምፖሉን ይገድለዋል፡፡ ኤልኢዲው ከዚህ ይሻላል፤ ምንጩ ወዲያው ይነሣል፡፡ ሆኖም እሱም ቢሆን ኃይል ባገኘ ቁጥር የት እንዳለ ስለማያውቅ ሁሉንም ሞተሮች እስከ ዳር ወስዶ ዜሮውን ይፈልጋል፡፡ ጭንቅላቱ ይዞራል፣ ጎማዎቹ ይንኳኳሉ፣ ምላጮቹ ይወጣሉ ይገባሉ፤ አንድ ደቂቃ ገደማ፡፡ ተዋናዩ በጨለማ ቃለ ተውኔቱን ይዞ ቆሞ፣ ከላይ ማሽኑ ሲፈተሽ ይሰማል፡፡

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን አስቀድሞ መታሰብ አለበት፡፡ ለኮንሶሉ ትንሽ የባትሪ መጠባበቂያ ማድረግ፣ ቢያንስ ትእዛዙ እንዳይጠፋ፡፡ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ተራ ፕሮፋይል ደግሞ መሃል መድረኩን እንዲያዩ አድርጎ ማንጠልጠል፤ የቀረው እስኪነሣ እነሱ ተዋናዩን ይይዙታል፡፡ የጄኔሬተሩ ቮልቴጅ የሚዋዥቅ ከሆነ ማረጋጊያ ያስፈልጋል፤ በውስጡ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ከ575 ዋቱ አምፖል ይልቅ ቁጡ ነው፡፡

ክብደቱም መረሳት የለበትም፡፡ ተራው ፕሮፋይል ሰባት ኪሎ ገደማ ነው፤ ትልቁ ተንቀሳቃሽ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ በዚያ ላይ ሲዞር ቧንቧውን ይወዘውዛል፡፡ ለሰባት ኪሎ የተሰቀለ አሮጌ ቧንቧ ላይ ሳይጠይቁ መስቀል የተመልካች አናት ላይ መጫወት ነው፡፡ የደኅንነት ሽቦ ሳይታሰር ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፡፡ አቧራውም አለ፤ ማራገቢያው አቧራ እየሳበ ሌንሱንና ማጣሪያውን ይለብጠዋል፡፡ የማራገቢያው ድምፅም በሹክሹክታ ትዕይንት ላይ እስከ ኋላ ወንበር ይሰማል፡፡

ታዲያ እንግዛ ወይስ አንግዛ?

ባለፈው ሴሚስተር በትምህርት ክፍላችን ይህ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ አንዳንድ ጓደኞቼ «አንድ ተንቀሳቃሽ አሥር መብራት ነው» ብለው ተከራክረዋል፡፡ አባባሉ ግማሹ እውነት ነው፡፡ አንዱ መብራት በመጀመሪያው ትዕይንት በሩን፣ በሁለተኛው አልጋውን፣ በሦስተኛው መስኮቱን ሊያበራ ይችላል፤ መሰላል ላይ የሚወጣ የለም፡፡ በአንድ ሌሊት አሥር መብራት ያነጣጠረና እግሩ የተንቀጠቀጠ ሰው ይህን አይንቀውም፡፡ ነገር ግን አሥር የሚሆነው በተራ ነው እንጂ በአንድ ጊዜ አይደለም፡፡ በሩና አልጋው አብረው መብራት ካለባቸው አንዱ መብራት አንድ ነው፡፡ ደግሞም ከበሩ ወደ አልጋው ሲሄድ መጥፋት፣ በጨለማ መዞር፣ ምላጩንና ቀለሙን መቀየር፣ ከዚያ መብራት አለበት፡፡ ይህ ጥቂት ሰኮንድ ይወስዳል፡፡ በእያንዳንዱ ለውጥ ላይ እየሠራ ከሆነ ያቺን ጨለማ ሰኮንድ ከየት ያገኛታል? ሳይጠፋ ከዞረ ደግሞ የእንሴኖው ምሽት ተደገመ ማለት ነው፡፡

የኔ አስተያየት የሚከተለው ነው፡፡ መጀመሪያ ስምንት ያህል ተራ ፕሮፋይል ከነምላጫቸው ቢኖሩን፤ ተማሪው በእጁ ምላጭ ገፍቶ፣ ምስሉ መገልበጡን አይቶ፣ ተቃጥሎም ቢሆን ይማር፡፡ ከዚያ ሁለት ተንቀሳቃሽ፤ አንድ አይበቃም፤ አንዱ ሲያበራ ሌላው በጨለማ ቦታውን እንዲይዝ ሁለት ያስፈልጋል፡፡ በኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚደረገውን ልምምድ አልቃወምም፣ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ አቧራም ጄኔሬተርም የለም፡፡ መምህሮቻችን በዚህ ላይ የተለየ ሐሳብ ካላቸው በሚቀጥለው እትም ቢጽፉልን ደስ ይለኛል፡፡

በቀጣዩ መስቀል እንሴኖ ያው መድረክ ተሠራ፡፡ የመጡት መብራቶች አሁንም ምላጭ የላቸውም፤ ከሁለቱ አንዱ ግን ስፖት ነበር፣ አይሪስና ማለስለሻ ማጣሪያ ያለው፡፡ ፕሮግራሙን አጠፋሁና ማይክሮፎኑ የቆመበትን ቦታ ቀን ላይ በእግሬ ምልክት አደረግሁ፤ ምሽት ላይ ስፖቱን እዚያው አቆምኩት፡፡ ክቡን ከጉልበት እስከ አናት አጠበብኩ፣ አለሰለስኩ፣ አሞቅሁት፡፡ አከራዩ ልጅ ተናደደ፤ «ወንድሜ፣ ካልዞረ ለምን ተከራያችሁት?» አለኝ፡፡ ቢሙን ለዘፈኑ ተውኩለት፣ ተስማማን፡፡ ያ አባት ዘንድሮም ወጡ፡፡ ዓይናቸውን ለመከለል እጃቸውን አንሥተው ነበር፤ ብርሃኑ ባለበት ሲቆምላቸው አወረዱትና መናገር ጀመሩ፡፡

ያን ምሽት የተጠቀምኩባቸውን የቻናል ቁጥሮች የጻፍኩበት ወረቀት አሁንም እኔ ጋ አለ፡፡ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ከልምምድ በኋላ ሊጠይቀኝ ይችላል፡፡